ስንሸጥ 4 ኪሎ፣ ስንገዛ 5 ኪሎ

ኧረ በማርያም፣ አንድ ሰው ያስረዳኝ። እህል የምንሰፍርበት ቁና ስንት ኪሎ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ጤፍ ጭነን ገበያ ወረድን። ቀያችን ቢቸና አካባቢ ነው። እህል ገዢው በራሱ ቁና ሰፈረ። አሰፋፈሩን አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ቁናውን ጤፉ ውስጥ ይነክረዋል፣ ብድግ አድርጎ ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ ጤፉ ቁጭ ሲልለት በመዳፉ እየዛቀ ይቆልልበታል። ከጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ መፍሰስ ሲጀምር ነው «አንድ!» የሚለው። እንዲህ እንዲህ እያለ 20 ሞላ። ከዚያ ሒሳቡን ወደ ኪሎ አዞረው። «ቁናው 4 ኪሎ ነው እናቴ፣ 80 ኪሎ» አላትና ከፈላት። እናቴም ተቀበለች። ምን ትበል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሰፍረው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። የእናቴ ቁና ከሰውየው ጋር እኩል ነው፣ እዚያው አፍ ለአፍ ገጥሜ አይቼዋለሁ። እሱን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩና የባዶውን ክብደት ቀንሼ መዘንኩ። ጤፉን አፉ ላይ በእንጨት ስጠርገው 4 ኪሎ ከ200 ግራም። እንደ ሰውየው ነቅንቄ ስቆልለው 5 ኪሎ! 20 ቁና ማለት እንግዲህ ሙሉ ኩንታል ነው። 20 ኪሎ ጤፍ ሳይከፈልበት ሄደ። የቤታችን የሁለት ሳምንት እንጀራ ነው እኮ!

ያናደደኝ ደግሞ ሌላው ነው። እናቴ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ሰውዬ፣ ለጠላ የሚሆን 4 ቁና ገብስ ገዛች። አሁን ቁልል የለም። በክንዱ አፉን ጥርግ እያደረገ ሰፈረላት። ሒሳቡስ? «ቁናው 5 ኪሎ ነው፣ 20 ኪሎ።» ያን ገብስ ስመዝነው ቁናው 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነው የወጣው። 20 ኪሎ ከፍላ 12 ኪሎ ተኩል እንኳ ያልሞላ ገብስ ይዛ ገባች። ያው ቁና፣ ያው ሰው፣ ያው ቀን!

ቁና የሚለካው ቦታ ነው፣ ክብደት አይደለም። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ይጠቀጠቃል። ገብስ ልባስ አለው፣ በፍሬው መሀል ባዶ ቦታ ይተዋል። የፍኖተ ሰላም ዛላ በርበሬማ ቁናውን ሞልቶ አንድ ኪሎም ላይደርስ ይችላል። 50 ኪሎ ዩሪያ የመጣበትን ማዳበሪያ በገብስ ብትሞሉት 50 ኪሎ አይገባም፤ «ማዳበሪያው 50 ነው» እያለ የሚያስከፍል ግን ሞልቷል። አንዱ እህል ራሱ እንኳ አንድ ቁጥር የለውም። የስንዴ ጥራት ሲመረመር እኮ 100 ሊትሩ ስንት ኪሎ መዘነ ተብሎ ይታያል። ፍሬው የሞላ ስንዴ 75 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ዝናብ ያጠረው ጭምድድ ያለ ፍሬ ደግሞ ከዚያ በጣም ይወርዳል።

ቁናን ጥሉ እያልኩ አይደለም። ከጎረቤት ጤፍ በቁና ስንበደር ከነቁልሉ ወስደን፣ በዚያው ቁና ከነቁልሉ እንመልሳለን። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ የተጣላ ጎረቤት አላየሁም። በቁና የሰፈረ በቁና ዋጋ ይክፈል። በኪሎ የሚከፍል ደግሞ ሚዛን ያምጣ! ሰፍሮ ወስዶ፣ አፉ ላይ በመጣለት ቁጥር አባዝቶ፣ አርማ፣ አጭዳ ያመጣችውን እናት እንዴት 20 ኪሎ ይቀማታል?

ከተማ ያላችሁ ልጆች፣ ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ከስኳርና ከዘይቱ ጋር አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እወርዳለሁ። እስከዚያ የቤታችሁን ቁና መዝኑና ከታች ጻፉልኝ። እህሉን ለይታችሁ፣ የተጠረገውንና የተቆለለውን ለይታችሁ። ደጀን፣ ሞጣ፣ ቡሬ፣ አዴት ያላችሁ፣ የእናንተ ቁና ስንት ይመዝናል?