የሄንሪ ሞሌይሰን ታሪክ መዘለል አልነበረበትም

ስለ አንጎልና ትውስታ የቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሂፖካምፐስ (በአንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ የሚገኝ ክፍል) ለትውስታ ያለውን ድርሻ ያወቅነው በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሣ ማሽን) ምስል እንደሆነ አድርገው ማቅረባቸው ታሪኩን ይገለብጠዋል። እውቀቱ የተገኘው ማሽኑ ከመፈልሰፉ በፊት፣ በአንድ ሰው ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው። በ1953 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ስኮቪል፣ የ27 ዓመቱን ሄንሪ ሞሌይሰንን ከሚጥል በሽታ ለማዳን ሲሉ ሂፖካምፐሱን ከግራም ከቀኝም በከፊል ቆርጠው አወጡ። በሽታው በእጅጉ ቀነሰለት። ከዚያ በኋላ የሚያገኛቸውን ሰዎችና የሚውልበትን ውሎ ግን ማስታወስ ተሳነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሄንሪን ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር የሠሩት ሙከራ ነው። ሄንሪ እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን እንዲስል አደረጉት። ሥራው ለማንም ያስቸግራል፤ የፈለገ ቤቱ ይሞክረው! በሦስት ቀን ልምምድ እጁ ተካነ፤ እርሱ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ነበር የሚጀምረው፣ ልምምዱን ፈጽሞ አያስታውስም። የእጅ ሙያ የሚማረው የአንጎል ክፍል ሌላ መሆኑን ያሳዩት እንግዲህ እርሳስና ወረቀት ናቸው።

ኤምአርአይን ማናናቄ አይደለም። ስኮቪል ቆርጠው ያወጡት እርሳቸው ከገመቱት ያነሰ መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ በተነሣ ምስል ነው። ጽሑፉ «አንጎል ሲያስብ የሚበራበት ቦታ» የሚለው፣ በኤምአርአይ ምስል ላይ የሚታየው ቀለም ግን የነርቭ ሴሎችን የኤሌክትሪክ መልእክት በቀጥታ አያሳይም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ይህም ከሴሎቹ ሥራ በሰከንዶች ይዘገያል። አንድ ቦታ ቀለም ስላገኘ ብቻ ያለ እርሱ ሥራው አይሠራም ማለት አይቻልም።