የሚረሳ ቅጽ

አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ወደ ኢንተርኔት ሊያሻግር ሲነሳ፣ በስብሰባው ላይ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ቅጹ ስንት ገጽ ይሁን?» የሚል ነው። ኃላፊው ቢያንስ ይሻላል ይላል፤ ባለሙያው አሥሩን ገጽ ሦስት አድርጎ ይመጣል፤ ሁሉም ተደስቶ ይለያያል። ከጥያቄዎቹ ግን አንድም አልተቀነሰም። አርባው ጥያቄ በሦስት ገጽ ታጭቋል፤ አመልካቹ ደግሞ አርባውንም በሞባይል ስልክ ጠባብ መስታወት ላይ ይሞላል።

የገጽ ብዛት ሰውን አያባርርም ባይ ነኝ። የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ፣ ጎቭ ዩኬ፣ ለአገልግሎት አዘጋጆቹ የሚሰጠው ምክር በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ እየጠየቁ መጀመርን ነው። እንዲህ ሲደረግ ገጹ ይበዛል፣ ሥራው ግን ይቀላል። ሐሳብ አይበተንም፤ ስህተት ቢኖር የቱ ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ «ልጅ አለዎት?» ተብሎ «የለኝም» ያለ ሰው ስለ ልጆች የሚጠይቁትን ገጾች ጨርሶ ሳያያቸው ያልፋል። «ልጅ ከሌለዎት ወደ ተራ ቁጥር 17 ይሂዱ» ማለት ለወረቀት ግዴታው ነበር። ኮምፒውተር ግን መልሱን ከተቀበለ በኋላ ይህን ትእዛዝ ለሰው የሚያስተላልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰውን የሚያባርረው የነገሩትን የሚረሳ ቅጽ ነው። አንድ ፊደል ለማረም «ተመለስ» የሚለውን ሲጫኑ ሦስት ገጽ ሙሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። በሁለተኛው ገጽ የተሞላው አድራሻ በአምስተኛው እንደ አዲስ ይጠየቃል። መታወቂያ ፍለጋ ከመቀመጫ ተነስተው ሲመለሱ «ጊዜዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ይቀበላል፤ ከሥሩም «ለደኅንነትዎ ሲባል» የሚል ማባበያ አለ።

የደኅንነቱ ሥጋት ውሸት ነው አልልም። በጋራ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው የግል መረጃው ተከፍቶ እንዲቀር አይፈልግም። መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት እንጂ የተጻፈውን ማጥፋት አይደለም፦ ረቂቁ በሰርቨሩ፣ ማለትም በድረ ገጹ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ላይ ይቀመጥ፣ ባለቤቱ ሲመለስ ማንነቱን አረጋግጦ ካቆመበት ይቀጥል። ደንቡም ቢሆን አዲስ አይደለም። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ተቋም በተደራሽነት መመሪያው፣ ጊዜ ከማለቁ በፊት ተጠቃሚው እንዲነገረውና በቀላል እርምጃ ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲሰጠው ይጠይቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የወጣው የመመሪያው እትም 2.2 ደግሞ አንድ ጊዜ የተሞላ መረጃ በዚያው ሂደት ውስጥ እንደገና በእጅ እንዳይጠየቅ፣ ቢያስፈልግ ራሱ ተሞልቶ ወይም ለመምረጥ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ የሚል መስፈርት ጨምሯል። ይህም በመመሪያው ዝቅተኛ እርከን ላይ የተቀመጠ፣ ማንም ሊያሟላው የሚገባ ነገር ነው።

ጥያቄ መቀነስ ከተፈለገ ግን በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ቆሞ «ይህን መልስ ማን ያነበዋል?» ማለት ነው። የጉዞ አገልግሎት ሻጩ ኤክስፔዲያ በክፍያ ገጹ ላይ «ኩባንያ» የሚል፣ ባይሞላም የሚያልፍ ሳጥን ነበረው። አንዳንድ ደንበኞች የባንካቸውን ስም ጻፉበት፤ ቀጥለውም በአድራሻው ቦታ የባንኩን አድራሻ ሞሉ፤ የካርድ ማረጋገጫውም አልቀበል አለ። ያንን አንድ ሳጥን ማንሳት በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ ትርፍ እንዳስገኘ በወቅቱ ተዘግቧል።

ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ድረ ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2013 በእነርሱ አቆጣጠር ሥራ ሲጀምር፣ ጎብኚው የመድን ዋጋዎችን ከማነጻጸሩ በፊት አካውንት እንዲከፍት ያስገድድ ነበር። ሊመዘገብ ያሰበውም ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣውም በዚያች አንዲት ጠባብ በር ላይ ተጨናነቁ። ድረ ገጹ ሌላም ብዙ ሕመም ነበረበት፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን የጨረሱት ግን ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ስለ ስህተት ማስታወቂያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስልክ ቁጥሩን በክፍተት ለያይቶ የጻፈን ሰው «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ መገሠጽ ስንፍና ነው፤ ክፍተቱን ማውጣት ለፕሮግራመሩ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የማያውቁ ሕዝቦች በዓለም ላይ ሞልተው ሳለ ያንን ሳጥን ግዴታ ማድረግ ደግሞ ሰውን ገና በመጀመሪያው ገጽ ዋሾ ያደርገዋል። «40 በመቶ ተጠናቋል» እያለ ሥራው የደረሰበትን የሚያሳየውም መስመር ቢሆን የሚወራለትን ያህል አይደለም። በኢንተርኔት መጠይቆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚያዘግም ከሆነ ጭራሽ ተስፋ እንደሚያስቆርጥ አሳይተዋል። እኔ ብጠየቅ መቶኛውን ትቼ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ የሚናገር አንድ ገጽ አስቀምጣለሁ።

ከመላኩ በፊት መልሶቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ፣ ከእያንዳንዱም አጠገብ «አስተካክል» የሚል ያለበት ገጽ ሊኖር ይገባል፤ ያስተካከለውም ሰው ወደዚያው ገጽ ይመለስ እንጂ ቀሪዎቹን ገጾች እንደገና አይዙር። ከተላከ በኋላስ? «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» ብሎ ዝም የሚል ቅጽ ሥራውን አልጨረሰም። የማመልከቻ ቁጥሩ፣ መልሱ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ከቀረም ማን እንደሚጠየቅ እዚያው ይጻፍ፤ በኢሜይልም ይላክ። ይህ ካልተደረገ አመልካቹ መድረሱን ስለሚጠራጠር በማግሥቱ ዳግመኛ ሞልቶ ይልካል፤ ሠራተኛውም የአንድ ሰው ሁለት ማመልከቻ ሲያስተያይ ይውላል።