ጭሱን አጥቦ ባሕር ውስጥ መድፋት ማጽዳት አይደለም

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ መርከቦች የሚያነዱት ነዳጅ ከ0.50 በመቶ በላይ ሰልፈር እንዳይኖረው ተደንግጓል። ከዚያ በፊት እስከ 3.50 በመቶ ይፈቀድ ነበር። ደንቡን ያወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ነው፣ መርከቦች ባሕርና አየር እንዳይበክሉ በወጣው፣ ማርፖል በሚባለው ስምምነት አባሪ 6 ሥር። ጥሩ ደንብ ነው። የሰልፈር ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ የአሲድ ዝናብ ያመጣል፣ ወደብ አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ቀን ከሌት ሲተነፍሰው ይውላል፣ ያድራል። እኔን የሚያናድደኝ ደንቡ ላይ የተተወው ቀዳዳ ነው።

የመርከቡ ባለቤት ሰልፈሩ የቀነሰ ውድ ነዳጅ መግዛት ካልፈለገ ሌላ መንገድ አለው። ስክራበር የሚባለውን የጭስ ማጠቢያ ያስገጥምና በርካሹ ወፍራም ነዳጅ ይቀጥላል። ይህ ነዳጅ ድፍድፍ ዘይት ተጣርቶ ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ ካላሞቁት እንኳን ሞተር ውስጥ ሊረጭ በቧንቧም በቅጡ አይፈስም። ዛሬ ስክራበር የገጠሙ መርከቦች ከ5000 በላይ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጭሱ ላይ የባሕር ውሃ ይረጫል፤ ውሃው ሰልፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ በላይ የሚወጣው ጭስም መለኪያውን ያልፋል። ችግሩ ከታች ነው። ክፍት በሚባለው ዓይነት ያ ውሃ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል፦ አሲዳማ ሆኖ፣ ቫናዲየምና ኒኬል ይዞ፣ ከቃጠሎ የተረፉ ካንሰር አምጪ ውሕዶችን ጨምሮ። መጠኑ ደግሞ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የድርጅቱ መመሪያ ለስሌት የሚይዘው ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 45 ቶን ውሃ ነው። ሞተሯ 10 ሜጋዋት እያመነጨ የምትጓዝ መርከብ በዚህ ስሌት በየሰዓቱ 450 ቶን ትደፋለች ማለት ነው። አሲድነቱን መለካት ከሚፈቀድባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ከመውጫው ቧንቧ 4 ሜትር ርቆ መለካት ነው። እዚያ ሲደርስ ውሃው ከባሕሩ ጋር ተደባልቋል፤ መለኪያው ያሳየው የተበረዘውን እንጂ ከመርከቡ የወጣውን አይደለም። ቤት ጠርጎ ጉድፉን ጎረቤት ደጃፍ ላይ መድፋት ይሉሃል ይሄ ነው።

ባሕር ሰፊ ነው፣ ይበርዘዋል የሚሉ አሉ። መሃል ውቅያኖስ ላይ ክርክሩ ትንሽ ሚዛን ይኖረው ይሆናል። መርከቦች ግን የሚሰበሰቡት ወደብ፣ ሰርጥና የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው፤ ዓሣ የሚራባውም እዚያው ዳር ዳሩን ነው። ባልቲክን ውሰዱ፦ ጥልቀቱ ትንሽ፣ በሩ ጠባብ፣ ውሃው እስኪታደስ አሥርተ ዓመታት የሚፈጅ ባሕር ነው። ዴንማርክና ስዊድን ከጁላይ 2025 ጀምሮ የክፍት ስክራበር ውሃ በግዛት ውሃቸው እንዳይደፋ የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲንጋፖርም በወደቧ ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች። ግን አንድ አገር ሲከለክል መርከቡ ድንበሩን እስኪያልፍ ጠብቆ ይደፋዋል፤ ስለዚህ ክልከላው ዓለም አቀፍ ካልሆነ ቆሻሻው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀንስም።

ባለቤቶቹ ደንቡን ተከትለን ነው ገንዘብ ያወጣነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። የተወሰነ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጣቸው፣ ይገባቸዋል። ለአዲስ መርከብ ግን ክፍት ስክራበር ከእንግዲህ መፈቀድ የለበትም።

ነዳጁ ይወደዳል ለሚለው ደግሞ ፍጥነት መቀነስ የሚባል ነገር አለ። ሞተሩ የሚፈልገው ጉልበት በግምት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚጨምረው፤ 10 በመቶ ዝግ ያለች መርከብ ጉዞው ቢረዝምባትም ለዚያው መንገድ 19 በመቶ ገደማ ነዳጅ ትቆጥባለች። ዕቃው ትንሽ ይዘገያል፣ ይዘግይ።

የመርከቦችን የካርቦን ልቀት የሚመለከተው የዚሁ ድርጅት አዲስ ረቂቅ ደንብ ነዳጁን ከሚመረትበት ጀምሮ እስኪቃጠል ድረስ ይቆጥራል። በኦክቶበር 2025 በረቂቁ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ለአንድ ዓመት እንዲዘገይ ተደርጓል፤ አገሮቹ ለዚያ ሲሰበሰቡ የስክራበሩንም ጉዳይ አብረው ያንሱት። ለካርቦን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መቁጠር ከተቻለ፣ ለሰልፈርም ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው ቧንቧ ላይም መለኪያ ይቀመጥ፣ ከመበረዙ በፊት።