ባንክ በ30 ሰከንድ አይሰበርም!

ትናንት አንድ የሳይበር ዘረፋ ልብ ወለድ ይዤ ሌሊቱን አጋመስኩት። ፍጥነቱ ልብ ይሰቅላል፣ አልዋሽም። ግን አናደደኝ! ልጁ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ኪቦርዱን ይቀጠቅጣል፣ በ30 ሰከንድ የባንኩ ሲስተም እጁ ይገባል። በቃ? ይኼው ነው?

እውነተኛው ታሪክ እኮ ከዚህ በላይ ያስጨንቃል። የባንግላዴሽን ማዕከላዊ ባንክ ውሰዱ። ሌቦቹ ሥራ ፈላጊ መስለው ኢሜይል ላኩ። አንድ ሰው ከፈተው። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አድፍጠው ቆዩ። አንድ ዓመት ሙሉ!

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ባንኩ ገንዘቡን ካስቀመጠበት ከኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ አካል) 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲተላለፍ አዘዙ። ቀኑንም መርጠዋል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ዓርብ ዕረፍት ነው፣ ኒውዮርክ ቅዳሜና እሁድ፣ ገንዘቡ በሚሄድባት በፊሊፒንስዋ ማኒላ ደግሞ ሰኞ የቻይና አዲስ ዓመት። 81 ሚሊዮኑ ማኒላ ገባ፣ አብዛኛው በካዚኖ በኩል ውሃ በላው። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ፕሪንተሩ ነው። የባንኩን የዝውውር መልእክቶች የሚያትመውን ማሽን ሌቦቹ ጸጥ አሰኙት። ሠራተኞቹ እንደወትሮው የተበላሸ መሰላቸው። ደራሲዎች፣ ይህን የመሰለ ትዕይንት እያለ ለምን ሁሌ ተኩስና የመኪና ማሳደድ ብቻ ትሰጡናላችሁ? እኔ ዓርብ ጠዋት ባዶውን የወረቀት ማውጫ አይቶ «ነገ ይሠራል» ብሎ የሄደውን ሰው ነው ማንበብ የምፈልገው።