ለክቡር የማዋለጃ ክፍል በር፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ውጭ የቀረውን ባሌን ይመለከታል

ክቡር በር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ማጠፊያዎ ተሻለው? ያን ሌሊት ሲከፈቱም ሲዘጉም ያቃስቱ ነበር፤ ልክ እንደ እኔ። ልዩነታችን፣ እርስዎ ሲያቃስቱ ዘይት የሚቀባ ሰው መጥቶ አጠገብዎ ቆመ።

ካላስታወሱኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሏን ተደግፋ የመጣችው ነኝ። ደረትዎ ላይ በቀይ ቀለም «ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ለጥፈዋል። አንብቤ ግራ ገባኝ። በዚያ ሌሊት ከእኔ በላይ የሠራ ማን ነበር? ባሌም ቢሆን ሥራ ላይ ነበር። ከቤት ጀምሮ ወገቤን ሲጫን፣ ምጡ በስንት ደቂቃ እንደሚመላለስ ሲቆጥር ነው የመጣው። እርስዎ ጋ ሲደርስ ሥራ ፈታ።

ለመሆኑ ማን ማን ገባ? ቆጥሬያለሁ፤ በሁለት ምጥ መሀል ሌላ መዝናኛ የለም። ዘይት ቀቢው ገባ። ሰባት ተማሪዎች ገቡ፤ «ይዩሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቻርጀሩን የረሳ ሰው ገባ። አንዱ ደግሞ ክፍል ተሳስቶ ገባና «ይቅርታ» ብሎ ወጣ። እሱ እንኳን ጨዋ ነበር። ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲገባ የፈለግኩት።

ምክንያትዎን ሰምቻለሁ። «ጀርም ያመጣል» አሉ። ክቡርነትዎ፣ የእሱን ጀርም ዘጠኝ ወር ሙሉ ስጋራው ነው የከረምኩት። እጁን ይታጠብ። «ደም ሲያይ ይወድቃል» አሉ። ወንበር ይሰጡት። «የሌሎቹ እናቶች ገመና ይጠበቅ» ያሉት ግን እውነት ነው፣ በእሱ አልቀልድም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋችን ተጠጋግቷል። በመሀላችን የመጋረጃው ብረት አለ። መጋረጃው የለም። ለገመናችን እንዲያ ከተጨነቁ ሰውየውን ከማባረርዎ በፊት ጨርቁን ቢፈልጉ ምን ነበረበት?

አዋላጇን አልከስም። አንዷ ለአምስታችን ነበረች። ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ «እጄን ያዢኝ» ማለት ነውር ነው። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ከባሌ እጅ ይልቅ የናፈቀኝ ግን አፉ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። «መቆም እፈል...» እስክል ሌላው ይመጣል። «ውሃ ስጡ...»፣ እንደገና ይመጣል። እኔና ባሌ ለወራት ተነጋግረንበት ነበር፤ መንቀሳቀስ እንደምፈልግ፣ በጀርባዬ መተኛት እንደማልወድ፣ ማንኛውም ነገር ከመደረጉ በፊት እንዲነገረኝ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። የጀመርኩትን የሚጨርስልኝ ሰው ከእርስዎ ማዶ ቆሞ፣ እኔ እዚህ በጀርባዬ ተኛሁ። ዝም ስላልኩ የተስማማሁ መሰላቸው።

ክቡርነትዎ ማንበብ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ የሚነበቡት እርስዎ ነዎትና። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ማንኛዋም ሴት በምጥም በወሊድም ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ያች በጀርባዬ የተኛሁባት ጉዳይም አለችበት፤ እናትየዋ የሚመቻትን አቀማመጥ ትምረጥ ይላል። ከዚያ በፊት በ2017 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አገላብጦ ነበር። አጠገባቸው ሆኖ ሳያቋርጥ የሚደግፋቸው ሰው ያገኙት በኦፕራሲዮን የመውለዳቸው ነገር ቀነሰ፤ ምጣቸውም አጠረ። ምጡ ቢያጥር እርስዎም ቶሎ ያርፉ ነበር።

የሥራ ባልደረቦችዎ ዘንድ የሆነውንም ልንገርዎት። ብራዚል ከ2005 ጀምሮ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን በሕግ ደንግጋለች። በ2020 ደግሞ፣ ዓለም በኮሮና በሯን ስትዘጋ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንዳንድ ሆስፒታሎች የወላዶችን አጋር ከለከሉ። የግዛቱ አስተዳደር በቀናት ውስጥ አስከፈታቸው። በዚያ ወረርሽኝ የተከፈተ በር ካለ፣ እርስዎን ያስጨነቀዎት ምን ይሆን?

ደግሞ አደራ፣ ነገ ተነስተው «ባል የሌላት አትግባ» ብለው እንዳይለጥፉ። ከጎኔ የተኛችው ሴት ባሏን በዓይኗ ማየት አልፈለገችም። «እናቴን ጥሩልኝ» ነበር የምትለው። እናቷ አምስት ወልዳለች። «ሠራተኛ አይደሉም» ተባለችና ኮሪደር ላይ ቀረች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እንስቅ ነበር፤ እርስዎ ለእናትም ለልጅም አስተማሩ። እንግዲህ የምለው ይህን ነው፦ ማን ይግባ ብለው ሁሉንም ሲጠይቁ እኛን ዘለሉን።

ሁለተኛው በመንገድ ላይ ነው። ወሩ ሲገባ እንመጣለን፤ ሁለታችን።

ከሠላምታ ጋር
አልጋ ቁጥር 4

ግልባጭ፦
ለጠፋው መጋረጃ፣ ባለበት
ለዘይት ቀቢው፤ ባሌ በሩ ባቃሰተ ቁጥር «ወለደች?» ብሎ እየተነሳ ይጠብቅ ነበር። እርስዎ ዘይቱን ከቀቡ በኋላ ምንም አልሰማም። ልጁ ከተወለደ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የነገሩት።