ጄኔሬተር ስላለ ብቻ ደረጃው አይበራም

ደሴ ውስጥ የንግድ ሕንፃ የሚያስተዳድር ሰው ስለ አደጋ ጊዜ መብራት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጄኔሬተር አለን» የሚል ነው። መልሱ መብራት ኃይል ሲያጠፋ ይሠራል። እሳት ሲነሳ ግን የጄኔሬተሩም ኃይል የሚያልፈው በዚያው ብሬከር ሳጥንና በዚያው ገመድ ነው። ገመዱ ከተቃጠለ ወይም አንድ ሰው ለደኅንነት ብሎ የሳጥኑን ዋና ብሬከር ካወረደው ደረጃው ይጨልማል። በየደረጃውና በየመተላለፊያው የራሱ ባትሪ ያለው ኢመርጀንሲ መብራት የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ፣ መስኮት በሌለው የጂ+4 ደረጃ ላይ፣ በክረምት ጉም በቀትርም ቢሆን ሰው እግሩ የሚያርፍበትን ሊያይ የሚችለው በእሱ ብቻ ነው።

መብራቱ ብዙ ቦታ ተሰቅሏል። የሚፈትሸው ግን የለም።

በብዛት የሚያጋጥመው ጥፋት ከገመድ አሳሳቡ ይጀምራል። የኢመርጀንሲው መስመር ከደረጃው ማብሪያ ማጥፊያ በኋላ ከተወሰደ፣ ጥበቃው ማታ መብራት ባጠፋ ቁጥር ዕቃው ኃይል እንደተቋረጠ ቆጥሮ ባትሪው እስኪያልቅ ይበራል። በየሌሊቱ እንዲህ የሚሟጠጥ ባትሪ በጥቂት ወራት ይሞታል። ከሶኬት መስመር መሳቡም መፍትሔ አይሆንም፤ የደረጃው ብሬከር ብቻውን ሲወርድ ሶኬቱ ኃይል ስላለው ኢመርጀንሲው አይበራም። በዚያ ላይ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ይነቅለዋል። ትክክለኛው አሳሳብ ከደረጃው መብራት ብሬከር ተነስቶ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ መውሰድ ነው።

«መብራት ሲጠፋ ሲበራ እናየዋለን» የሚሉም አሉ። ያዩት ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ነው። መብራቱ ላይ ያለው የሙከራ ቁልፍም ቢሆን ብቻውን ያታልላል። ባለ 6 ቮልት፣ 4 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ እያለ 24 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎችን ሁለት ሰዓት ገደማ ያቆያል። አርጅቶ የመያዝ አቅሙ ወደ አምስተኛ እጅ ከወረደ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ቁልፉ ሲጫን ግን ሁለቱም ቦግ ብለው ይበራሉ።

ስለዚህ ፍተሻው ሁለት ዓይነት ነው። በአሜሪካው ደንብ መሠረት በየወሩ 30 ሰከንድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ 90 ደቂቃ ይሞከራል፤ እንግሊዞች በዓመቱ ሙከራ 3 ሰዓት ድረስ ይሄዳሉ። እኛ 90ውን እንኳ ብንይዝ ትልቅ ነገር ነው። ለዓመቱ ሙከራ የሚወርደው የደረጃው ብሬከር ነው። ከመብራት ኃይል የሚገባው ዋና መስመር ከወረደ አውቶማቲኩ ጄኔሬተር ተነስቶ ሙከራውን ያበላሸዋል፤ የግድ እሱን ማውረድ ካስፈለገ መጀመሪያ ጄኔሬተሩን ማንዋል ላይ አድርጉት። በ90ኛው ደቂቃ፣ መብራቱ እንደበራ፣ የባትሪው ቮልቴጅ ይለካል፤ ባለ 6 ቮልቱ ከ5.25 በታች ከወረደ ይቀየራል። ሉክስ ሜትር (የብርሃን መጠን መለኪያ) ካለ፣ አውሮፓውያን በመውጫው መንገድ መሃል ወለል ላይ ቢያንስ 1 ሉክስ ይጠይቃሉ።

ከሙከራው በኋላ ባትሪው እስኪሞላ እስከ 24 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሕንፃው ያለ መከላከያ ነው። ለገበያ ሕንፃ የሚስማማው ቅዳሜ ማታ ሱቆች ሲዘጉ ነው። እሑድ ይሞላና ሰኞ ሕዝቡ ሲጎርፍ ዝግጁ ይሆናል። በአንድ ቅዳሜ ግማሹን ብቻ፣ አንዱን እያለፉ መሞከር ይሻላል፤ በማግስቱ መብራት ቢጠፋ ሌላው ግማሽ አለ።

ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱም ይጨመራል። በዝግ የተሠራ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራል። በመጋዘን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ዕቃ ባትሪው ቶሎ ያብጣል፤ ዝቅ አድርጎ መስቀል ይረዳል። ምትክ ሲገዛም ቮልት ሜትር ይዞ መሄድ ነው። መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከ6 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ፣ ማሸጊያው ባይከፈትም አዲስ አይባልም።

ተከራይ ሱቁን በጂፕሰም ሲከፍል መብራቱን ከግድግዳው ጀርባ ያስቀረዋል፤ የልባሽ ቦንዳ ደረጃው ላይ ይቆለላል፤ የኋላው ግሪል ይቆለፋል። ወርሃዊው ፍተሻ እነዚህንም በእግር እየዞሩ ማየትን ይጨምራል።

ለዚህ ሁሉ የሚበቃው አንድ ደብተር ነው፤ በእያንዳንዱ መብራት ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ቀኑ፣ የቆየበት ደቂቃ፣ የተገኘው ጉድለት፣ የተጠገነበት ቀንና የፈታሹ ፊርማ ይጻፍበታል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ቀን ለማየት የሚመጣ ተቆጣጣሪ ይህንንም ደብተር ሊጠይቅ፣ አንድ ብሬከርም አስወርዶ ሊያይ ይገባል። የኪራይ ውልም የባትሪው ወጪ የአከራዩ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ፤ ሳይጻፍ ሲቀር አከራይ ለተከራይ፣ ተከራይ ለአከራይ ሲተወው የሞተው ባትሪ እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል።