ይድረስ ለአያ ግራይንደር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የለበሱትን ስፖንጅ እንዲያወልቁ ስለመጠየቅ

ጤናዎ እንደምን ነው አያ ግራይንደር? እኛ ደሴዎች እግዜር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከድምፅዎ በስተቀር ደህና ነን።

ሙያዎን ማንም አይነካብዎትም። ብረት ሲቆርጡ፣ ብየዳ ሲያስተካክሉ አቻ የለዎትም። የሰፈራችን የብረት በር ሁሉ በእርስዎ እጅ ያለፈ ነው። ነገር የመጣው ዲስክዎ ተፈትቶ ስፖንጅ የተገጠመልዎ ዕለት ነው። በማግስቱ የጋራዡ አጥር ላይ «የመኪና ፖሊሽ እንሠራለን» ተብሎ ተጻፈ። ልብስ መቀየር ሙያ መቀየር መሰለዎት እንዴ?

የእኛ መኪኖች ጭረት እኮ ቀላል ነበር። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ታካን ታልፋለች። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጭነት የያዘ አህያ በጎናችን ይሾልካል። አቧራ በጠጣ ጨርቅ የሚያሹን አጣቢዎች አሉ፤ አቧራው ላይ በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ የሚጽፈውን ልጅ ሳንረሳ። ይሄ ሁሉ ላይ ላዩን ነው። ጥፍር ሲያስኬዱበት ካልያዘ፣ ብዙውን ጊዜ ጭረቱ ቀለሙን ከሚሸፍነው ክሊር አላለፈም ማለት ነው፤ በማሽን ይወጣል። ጥፍር ከያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ቀቢ ጉዳይ ነው፤ እርስዎም ሆኑ ዘመዶችዎ አይድረሱበት።

ክሊር ስል ደግሞ ብዙ አይምሰልዎ። ከፋብሪካ ሲወጣ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ፀጉር ይበልጠዋል። ፖሊሽ ጭረት አይሞላም። ዙሪያውን በስሱ ልጦ ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርገዋል እንጂ። በተወለወለ ቁጥር ከዚያች ስስ ሽፋን ላይ ይቀነሳል፤ የተላጠው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። እና እርስዎ ይህን ሥራ በደቂቃ 11,000 ዙር እየተሽከረከሩ ሊሠሩት? ለፖሊሽ ተብሎ የተሠራው ሮታሪ የሚባለው ማሽን እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ነው የሚሠራው፤ ያውም ፍጥነቱ በቁልፍ ይስተካከላል። እርስዎ፣ እንደ አብዛኛው ወገንዎ፣ ያለዎት አንድ ማብሪያ ነው። ወይ ይተኛሉ፣ ወይ ያብዳሉ።

የጎረቤቴን ቪትዝ ያስታውሷታል? በሯ ላይ ስንዝር የማትሞላ ጭረት ይዛ ነው የመጣችው። «ፋዘር፣ አምስት ደቂቃ ናት» አለ ልጁ። ስፖንጁ መሬት ወደቀ። አነሣና ሱሪው ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ቀጠለ። የግቢው አቧራ ከኮምፓውንዱ፣ ከመወልወያው ቅባት ጋር አብሮ በሩ ላይ ይዞር ጀመር። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ መጣ። የበሩ እጥፋት ላይ ቀለም ይሳሳል፤ እዚያች ጠርዝ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ አበራች። ከዚያ ደበዘዘች። ከዚያ ግራጫው የውስጥ ቀለም ብቅ አለ። «እሷ ድሮም ነበረች» ተባለ። ጉም ስለነበር ቀሪው ያማረ መሰለ፤ ጎረቤቴም ከፍሎ፣ መርቆ ወጣ። ረፋዱ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲገለጥና ፀሐይ በሩን ስትመታው ነው ጉዱ የታየው፤ ዳር እስከ ዳር ክብ ክብ ጭረት። አንድ አስገብቶ መቶ ይዞ ወጣ። ትርፍማ ትርፍ ነው!

መቼም ዘመዶችዎን አያውቋቸውም፤ ላስተዋውቅዎ። ሮታሪው ለእርስዎ ይቀርባል፤ በአንድ ዘንግ ይዞራል፣ ቶሎ ይቆርጣል፣ ቶሎም ያሞቃል። እጁ የለመደ ሰው ከያዘው ጎበዝ ነው፤ ጀማሪ ከያዘው የእርስዎ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለተኛው ዱዋል አክሽን የሚሉት ነው። ስፖንጁ እየዞረ ደግሞ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይከማችም። ጠባዩን የወደድኩለት ግን በኩርፊያው ነው፦ ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ከተጫኑት መዞሩን ያቆማል። «እንዲህ ከሆነ አልሠራም» ይላል። እርስዎ በሕይወትዎ አኩርፈው ያውቃሉ?

ለቀላል ጭረት የምመርጠው እሱን ነው። ውዝዋዜው 15 ሚሊ ሜትር የሆነው ለትንንሽ መኪና በሮችና ፓራፋንጎዎች ይመቻል፤ 21 የሚባለው እንደ ኮፈን ላለ ሰፊ ቦታ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት ኮምፓውንዱን ማዳረስ፣ ከዚያ የፍጥነት ቁልፉን 4 ወይም 5 ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ። ከለስላሳው ስፖንጅና ከቀላሉ ኮምፓውንድ ጀምሮ መዳፍ በምታህል ቦታ መሞከር፤ ካልበቃ ነው ወደ ጠንካራው የሚኬደው። በሱፍ ፓድ የሚጀምር ሰው ካዩ የእርስዎ ደቀ መዝሙር ነው።

አንድ ነገር ለአሜሪካ ዘመዶቻችንም ይንገሩልን። ከዚያ የሚልኩት ማሽን ብዙው የ110 ቮልት ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ካርቶኑን ከፍቶ ሰክቶ፣ ጭሱን አይቶ የመለሰው ሰው ጥቂት አይደለም። መብራት ሲጠፋስ ለሚል፣ ባለባትሪው አለ፤ ግን አንድ ባትሪ ሙሉ መኪና ይጨርሳል ብሎ ማንም አይሸውዳችሁ።

እንግዲህ አያ ግራይንደር፣ ስፖንጁን ለባለቤቱ ይመልሱ። ደሴ ካልተመቸዎት ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ይግቡ። የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ለጥርስዎ የሚሆን ብረት አያጡም።

ከማክበር ጋር፣
የቪትዟ ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለአምስት ደቂቃው ልጅ፣ ለሱሪው
በሩን እንደገና ለሚቀባው ቀለም ቀቢ፣ ከእንኳን ደስ አለዎት ጋር